ለማን ነው የበራው?

ሰው መብራት የሚቆጥበው ለምድር አስቦ ነው የሚል ካለ፣ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ይምጣና እነሠርክ የሚኖሩበትን አፓርታማ ነዋሪዎች ይጠይቅ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ለምድር ተጨንቆ ያደረ ሰው አልነበረም። አስተዳዳሪዎቹ የመብራት ፍጆታ የሚከታተል አፕ አምጥተው፣ ስልካችሁ ላይ ጫኑት፣ የትኛው ዕቃ ምን ያህል እንደሚበላ ያሳያችኋል፣ በቅድሚያ ከፍላችሁ የሞላችሁት የመብራት ቶከን ይበረክትላችኋል፣ አካባቢም ይጠበቃል የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ሲለጥፉ፣ ነዋሪው እያየው ወጣ፣ እያየው ገባ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሩዋይዳማ "ቤቴ ውስጥ ምን እንደማበራ ለማንም አላስቆጥርም" ብላ ከበሯ ላይ ገንጥላ ጣለችው።

ነገሩ የተለወጠው አስተዳዳሪዎቹ በየወሩ የቆጣቢውን ቤት ቁጥር ከአረንጓዴ ቅጠል ጋር፣ የአባካኙን ደግሞ ከቀይ ፊት ጋር የነዋሪዎቹ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ጉድ ፈላ። ቀይ ፊት የወጣበት ሰው ሊፍት ውስጥ ጎረቤት ሲያገኝ ስልኩን መነካካት አመጣ። ምድር ያላሳዘነችው ሁሉ ጎረቤቱን አፈረ። ሩዋይዳም ሳትወድ በግድ አፑን ጭና ቦይለሯን ማጥፋት ተማረች። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ናይሮቢም ሞልቷል።

ሠርክ ግን አፑን የጫነችው ከሁሉም በፊት ነው፤ ማንንም አፍራ አይደለም። አባቷን ስለመሰላት ነው።

አባቷ አቶ ፍሥሐ፣ አዲስ አበባ ጉለሌ ባለው ቤታቸው፣ ከራት በኋላ በየክፍሉ የመዞር ልማድ ነበራቸው። "አጥፉ" ብለው አያውቁም። በሩ ላይ ቆመው "ለማን ነው የበራው?" ብለው ይጠይቃሉ። ክፍሉ ውስጥ የሚያነብ ወይም የሚሰፋ ሰው ካለ "ለእኔ ነው" ይላል፣ እሳቸውም "እንግዲያው ይብራ" ብለው ያልፋሉ። መልስ ከሌለ ያጠፉታል። ሠርክና እህቷ ሐሊና በዚህ ጥያቄ ሲሳሳቁ ነው ያደጉት። አሁን ይኼ አፕ ሰው በሌለበት ሳሎን መብራት በርቶ ሲቆይ ስልኳን ያንቀጠቅጥና "ሳሎን መብራት በርቷል። ሰው አለ?" ብሎ ይጽፋል። ሠርክ መጀመሪያ ያየችው ቀን ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ በኋላ ባሏን ይድነቃቸውንና አብሯቸው የሚኖረውን ታናሽ ወንድሙን ሔኖክን እግር በእግር እየተከተለች "ለማን ነው የበራው?" ስትል ትውል ጀመር። ሁለቱም በጥያቄው ተማረሩ፤ መልሱን ግን በቃላቸው አወቁት።

አቶ ፍሥሐ ከታመሙ ሰነባብተዋል። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተዋል። ሠርክ ከሳምንት በፊት ልሂድ ብላ ሻንጣ አውርዳ ነበር። ይድነቃቸው አየር መንገድ ካርጎ ክፍል ነው የሚሠራው፤ ትኬት ለእሱ ችግር አይደለም። ግን "ቆይ እንጂ፣ ተሽሎታል እየተባለ" አላት። ሐሊናም በስልክ "ምን ያስቸኩልሻል፣ ሪፖርትሽን ጨርሰሽ ተረጋግተሽ ነይ" አለቻት። ሁለቱ ተጋግዘው ጉዞዋን ለቅዳሜ አደረጉት። ሠርክ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያን የአባቷን ፊት በዓይኗ ማየት። ስልኳን አውጥታ የወራቱን አረንጓዴ ቅጠሎች እያሳየች "አባዬ፣ ሥራህን ስልክ ወሰደብህ" ልትለው አስባለች። ሳቁን ከአሁኑ ትሰማዋለች።

ያን ሐሙስ ጠዋት እንደልማዷ ወደ ቢሮ ስትሄድ ለሐሊና ደወለችላት።

"እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው። ማታ ሾርባ ጠጣ" አለች ሐሊና በችኮላ።

"አቅርቢልኝ፣ ላናግረው።"

"ተኝቷል እኮ።"

"ምንድነው የሚንጫጫው?"

"ሆስፒታል አይደል? ግርግር ነው። በኋላ እደውልልሻለሁ" ብላ ዘጋችው።

ሾርባ ጠጣ። ሠርክ ይችን ይዛ ዌስትላንድስ ሰፈር ያለው ቢሮዋ ገባች። ለቀኑም ስንቅ ሆነቻት።

ስብሰባ መሃል ላይ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። "ወጥ ቤት ያልተለመደ ፍጆታ።" ዝም አለችው። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ኦቭን። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ምድጃው። ቀጥሎ የውሃ ማፍያው፤ ጠፍቶ እንደገና፣ ጠፍቶ እንደገና። ሳሎን፣ ኮሪደር፣ መኝታ ቤት፣ ያለ አንድ መብራት ሁሉ በጠራራ ፀሐይ በርቷል። ማብቂያው ላይ ያን ቀይ ፊት አመጣባት። ወሩ ሊያልቅ ምን ቀረውና! ይኼን ነው እንግዲህ ለአባቷ ወስዳ የምታሳየው?

ደሟ ፈላ። ሔኖክ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን? ባለፈው ጓደኞቹን ሰብስቦ ኳስ ሲያይ ኦቭኑን ለኩሶ ረስቶት ተጣልተው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ብሎ ምሎላት ነበር። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። ይቅርታ ጠይቃ ወጣችና ደወለችለት።

"ቤት ማን አለ?"

"ቤት? ኧ... እኔ ብቻ ነኝ፣ ሠርክዬ።"

ሠርክዬ! ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

"ኦቭኑ ለምንድነው የበራው?"

"ሻይ እያፈላሁ ነው። ሳዋ ሳዋ፣ እሺ፣ አጠፋዋለሁ፣ ናው ናው።"

"ሻይ በኦቭን?"

ከጀርባው አንዲት ሴት "ኧረ ትልቁን ድስት አምጡልኝ" ስትል ተሰማ።

"ማናት እሷ?"

"ቲቪ ነው።"

"ቲቪውም በርቷል?" ብላ ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ የሥራ ባልደረባዋ ዞር ብሎ አያት። ሔኖክ "ኔትዎርክ የለም" ብሎ ዘጋው።

ለባሏ ደወለች። አላነሳም። ደገመች። በሦስተኛው ሲያነሳ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

"የት ነህ?"

"ሥራ ነኝ። ካርጎ።"

"ወንድምህ ቤቴን ጭፈራ ቤት አድርጎታል። ደውልና..."

ንግግሯን ሳትጨርስ በስልኩ ውስጥ የቤታቸው በር ደወል ጮኸ። ያቺ እንደ ወፍ የምትንጫጫ፣ ራሷ ከመሃል ከተማ መርጣ የገዛቻት ደወል።

"ይድነቃቸው" አለች ቀስ ብላ፣ "የት ነህ ነው ያልኩህ?"

"ሥራ ነኝ አልኩሽ እኮ። ስሚኝ፣ ዛሬ በራስሽ እንዳትመጪ። እኔ ራሴ ከቢሮሽ መጥቼ እወስድሻለሁ። እሺ የኔ ቆንጆ? እንዳትወጪ።"

ስልኩ ተዘጋ። በሥራ ቀን ቤቱ ገብቷል። ሥራ ነኝ ይላል። ሴት አለች። ድስት አለ። እሷን ደግሞ ከቢሮ እንዳትወጪ ይላታል። ሠርክ ቱግ አለች። ይኼ ሁሉ ዓመት አምኜው፣ ከነገ ወዲያ አባቴ ጋ ልሄድ ሻንጣዬን ስሸክፍ፣ እስክወጣ እንኳ መታገሥ አቃተው?

አፑን ከፈተች። የወጥ ቤቱ ሶኬቶች ከስልክ ይታዘዛሉ። የምድጃውን ነካችው፤ ጠፋ። "ብሉ እንግዲህ" አለች ጥርሷን ነክሳ። ወዲያው መልሶ በራ። አጠፋችው። በራ። ኦቭኑን አጠፋች፤ ምድጃው በራ። ምድጃውን አጠፋች፤ ኦቭኑ በራ። እዚያ ቤት ውስጥ ሶኬቱ አጠገብ ቆሞ በእጁ የሚያበራ ሰው አለ፤ እልኸኛ ነው፣ ድካም የሚባል አያውቅም። ሠርክ በሕይወቷ ፊቱን ካላየችው ሰው ጋር እንዲህ ተጣልታ አታውቅም። ጣቷ እስኪቀላ ታገለችው፣ አሸነፋት።

ቦርሳዋን አነሳች። እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወጣች።

ታክሲ አትጠብቅም፤ መንገዱ ተዘግቷል። ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ አስቁማ ተፈናጠጠች። ሾፌሩ ሄልሜት ቢሰጣት ጸጉሬን ያበላሻል የምትለዋ ሴት ዛሬ ሳታየው ጫነችው። በማታቱ ሚኒባሶቹ መሃል እየተሹለከለኩ ሲሄዱ የምትናገረውን ታሰናዳለች። መጀመሪያ ለሴትየዋ። ቀጥሎ ለባሏ። ሔኖክን በመጨረሻ፣ እሱ ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ልጅ ሳለች በችኮላ ስትወድቅ አባቷ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይላት ነበር። ይበል። ዛሬ የሚፈስ ካለ ይፍሰስ።

የግቢው በር ላይ የማታውቃቸው መኪኖች ተደርድረዋል። ከአንድ ፒካፕ ላይ የፕላስቲክ ወንበር እየተራገፈ ነው። ወንበር ተከራይተዋል! ዘበኛው፣ ሁሌ በቀልድ የሚቀበላት ሰው፣ ሲያያት ብድግ አለና ቆቡን አወለቀ። "ፖሌ ሳና፣ ማማ" አላት በስዋሂሊ፣ በጣም አዝናለሁ ለማለት፣ አንገቱን ደፍቶ።

"ይቅርታህን ለራስህ" አለችው በአማርኛ። "መኪናውን ሁሉ ያስገባኸው አንተ አይደለህም?" አልገባውም። አለፈችው።

ሊፍቱ ሲከፈት ውስጡ ሩዋይዳ ቆማለች፣ አንድ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ይዛ። ወደ ላይ ነው የምትሄደው። ሠርክን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሠርክ ትሪውን አየችና ለዚህች ሴት የሚሆን ንዴትም እንዳላት ታወቃት። ቀይ ፊቴን ልታይ መጣች አለች በልቧ፤ አባካኟ እኔ ሆኜ ሲወራ ልትሰማ፣ ብርጭቆ አቀባይ ሆና። ሁለቱም አብረው ወደ ላይ ወጡ። ንዴት ዓይን የለውም። የሩዋይዳን የቀላ ዓይን ሠርክ አላየችውም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከደጃፉ የጫማ ክምር፤ የወንድ ጫማ፣ የሴት ጫማ። ከውስጥ የተቀቀለ ስንዴና ባቄላ ሽታ መጣ። ይኼን ሽታ ታውቀዋለች፤ ከየት እንደምታውቀው ግን ንዴቷ ለማሰብ ጊዜ አልሰጣትም። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

መጋረጃው ሁሉ ወርዷል። መብራቱ ሁሉ በርቷል። ሶፋዎቹ ወደ ጥግ ተገፍተው ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ የናይሮቢ ሐበሾች ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ አስናቀች፣ አንድ ጣታቸውን የምድጃው ሶኬት ላይ ተጭነው፣ እንዳይጠፋባቸው ይዘውት ቆመዋል። ፊት ለፊት አረጋዊው አቶ ገብረመድህን ከሦስት አራት ወንዶች ጋር ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋት ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡ። ይድነቃቸው ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ይኼ ሸሚዝ የት ነበር? እሷ አታውቀውም።

የጠረጠረቻት ሴት የለችም። ጭፈራ የለም። ያሰናዳችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ደርሶ የሚወረወርበት ሰው አጣ። የቀራት አንድ የምታውቀው ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ከአፏ የወጣውም እሱ ነው።

"ለማን ነው ይኼ ሁሉ የበራው?"

አቶ ገብረመድህን በናይሮቢ ሐበሻ ዘንድ መርዶ በማርዳት የታወቁ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስለ ሥራ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ስለ ሕመም ያነሳሉ፣ ከዚያ ሁላችንም መንገደኞች ነን ይላሉ፤ ሰውን እንደ ልጅ እጁን ይዘው ቀስ አድርገው ነው ገደሉ አፋፍ የሚያደርሱት። ማታ ከሥራ ስትመለስ እንዲህ ሊያደርጉ ተዘጋጅተው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ጠፋባቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ለአባትሽ ነው፣ ልጄ" አሉ።

ወጥ ቤት ድስቱ ክዳኑን ያንቀጫቅጫል። ሠርክ አቶ ገብረመድህንን አየች፣ ፍራሹን አየች፣ ባሏን አየች።

"ሾርባ ጠጣ" አለች።

"ሠርክ..."

"ዛሬ ጠዋት ሾርባ ጠጣ ብላኛለች።"

ይድነቃቸው ቀርቦ ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ መታችው። "መቼ ነው?"

"ትናንት፣ ንጋት ላይ።"

"ትናንት!" አለች። "ማታ አጠገቤ ተኝተህ ነበር እኮ! ሻንጣዬን ስታሳስረኝ ነበር! የሞተ ሰው ሾርባ ይጠጣል?" ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። የጠዋቱ ጫጫታ። የሐሊና ችኮላ። ድምፅዋ ወረደ። "ተቀበረ?"

ይድነቃቸው መሬት መሬት አየ። ከእሱ መልስ ይልቅ ይኼ ገደላት።

"በወጉ ይነገራት ብለን ነው፣ ልጄ" አሉ አቶ ገብረመድህን። "ብቻሽን በስልክ ሰምተሽ፣ በሰው አገር፣ መንገድ ላይ እንዳትወድቂ..."

"ወጋችሁን ለራሳችሁ!" ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ስልኳን ከፍ አድርጋ ለእነሱ እያሳየች፣ "ይኼ ብቻ ነው ያልዋሸኝ! ሰው አለ አለኝ፣ ነበረ! እናንተ ግን ሁላችሁም፣ ባሌ፣ እህቴ፣ ሁላችሁም! ባለፈው ሳምንት ልሂድ አልኳችሁ! ልሂድ አልኳችሁ! እጁን ይዤ..." ቃሉ እዚያ ላይ ተሰበረ። ስልኩ ከእጇ ወደቀ፤ እሷም ፍራሹ ጋ ሳትደርስ መሬቱ ላይ። ወይዘሮ አስናቀች ሶኬታቸውን ትተው ሮጡ። ሩዋይዳ ትሪዋን የትም አስቀምጣ ከኋላ አቀፈቻት። ለቅሶው ባንድ አፍ ተነሣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የዚያን ቀን እዚያ ሳሎን ውስጥ የጎደለ እንባ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሰው ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። ሰው "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ሲላት አንገቷን ትነቀንቃለች። ሐሊና ስትደውል ስልኩን ታዞረዋለች። ከይድነቃቸው ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም። ምግብ ሲያቀርብላት ከእጁ አልተቀበለችም፤ ከሩዋይዳ እጅ ግን በላች። ሰዎች ኀዘን ነው አሉ። ኀዘን ብቻ አልነበረም። ንዴቷ እንደ ፍም ነበር፣ አመዱን ገለጥ ቢያደርጉት ቀይ ነው፤ እሷም ሊጠፋ አትፈልግም። አባቷ ያለ እሷ አፈር ገብቷል። ያንን በወግ ስም ሰርቀዋታል፤ ደግሞ ያደረጉት እየወደዷት ነው፤ ይኼ ነው ከሁሉ ያናደዳት። ስልኳ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጥና "ኮሪደር መብራት በርቷል። ሰው አለ?" ይላታል። ታየዋለች፣ ትተወዋለች።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ሔኖክ ብርጭቆ ሰብስቦ ሲያልፍ ማንም የሌለበት ኮሪደር ላይ መብራት በርቶ አየ። ስንት ወር የተሰደበበት ነገር ነው፤ ትሪውን በአንድ እጁ ይዞ ማጥፊያውን ሊነካ ጣቱን ዘረጋ።

"ተወው" አለች ሠርክ ከፍራሹ ላይ።

"ማንም የለም እኮ፣ ሠርክዬ" አለ በፍርሃት። "እኔ... ቆጥቢ ስለምትይ ነው።"

"ለአባዬ ነው" አለች።

ሔኖክ እጁን ሰበሰበ። በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ይድነቃቸው ጉሮሮውን ጠረገና "እንግዲያው ይብራ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሠርክ ሰምታዋለች። ግን ቀና ብላ አላየችውም።